ለሰርጌ ፊቴን በማሽን ላስፈግፍግ?

ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። 26 ዓመቴ ነው፤ ጥር 24 ሰርጌ ነው። ፊቴ ላይ ብጉር ትቶት የሄደ ጥቁረት አለ፤ ጉንጮቼ ላይ ደግሞ ማዲያት ወጥቶብኛል። አንድ የውበት ቤት ማይክሮደርማብሬዥን እንሠራለን፣ በማሽን ይፈገፈጋል፣ ሰርግሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ነይ፣ ፊትሽ እንደ መስተዋት ያበራል አሉኝ። ያማል ወይ? ቆዳዬን ይልጠው ይሆን? ጥቁረቱንስ ያጠፋዋል? ደግሞ ከስድስት ወር ወዲህ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ክሬም እቀባለሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ቀን ካልቀባሁት ፊቴ ይለበልበኛል። አቋርጬው ልሂድ ወይስ እየቀባሁ?»

እህታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ትዳራችሁን የሰመረ ያድርግላችሁ። አብሽሪ፤ ደብዳቤሽ የደረሰን በኅዳር አጋማሽ ነውና ገና ከሁለት ወር በላይ አለሽ። ከጻፍሽልን ሁሉ ግን ያሳሰበን ማሽኑ አይደለም። በስተመጨረሻ ጣል ያደረግሻት «ሁለት ቀን ካልቀባሁት ፊቴ ይለበልበኛል» የምትለዋ ቃል ናት። ወደ እሷ እንመለሳለን፤ እስከዚያው ይህን ያዢልን፦ የክሬሙ ነገር ሳይጣራ ፊትሽን ለየትኛውም ማሽን እንዳትሰጪ።

ማይክሮደርማብሬዥን የሚነካው የቆዳን የላይኛውን ልባስ ብቻ ነው። ይህ ልባስ የሞቱ ሕዋሳት የተደራረቡበት ሲሆን፣ ፊት ላይ ውፍረቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። ማሽኑ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ እየፈገፈገ ይስባል። አንደኛው ዓይነት ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ቆዳው ላይ እየረጨ ዱቄቱንም የተፋቀውንም መልሶ ይመጥጣል። ሁለተኛው ዱቄት የለውም፤ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ የሚያዝ እጀታ ሆኖ ጫፉ ላይ የአልማዝ ብናኝ ተለጥፎበታል፤ መሐሉ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየር ይስባል። ዱቄቱ አምልጦ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌንን ሊጭር ስለሚችል፣ ምርጫ ካለሽ አልማዙ ይሻልሻል። ዋግምት ሲደረግ ያየሽ እንደሆነ መሳቡን ከዚያ ጋር አመሳስዪው፤ እጅግ የቀለለና አንድ ቦታ የማይቆም ዋግምት ነው።

ያማል ወይ ላልሽው፣ በትክክል ከተሠራ አያምም፤ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ደረቅ አሸዋ የነካ ጣት ፊትሽ ላይ ሲሄድ የሚሰማሽን ዓይነት ስሜት ይሰማሻል፤ አጥንት በቀረበበት ቦታ፣ ግንባርና አገጭ ላይ፣ ትንሽ ይሻክራል። «ቻዪው፣ ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» ከተባልሽ አትቻዪው። ማቃጠል ከጀመረ መሳቡ በዝቷል ወይም አንዱ ቦታ ላይ ተደጋግሟል ማለት ነው። ቆዳዬን ይልጠዋል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንደ ስስ ፎረፎር ብን የምትል ነገር ልትታይ ትችላለች፤ እንደ እባብ ቆዳ መገፈፍ ግን የለም። እንደዚያ የሚልጥ ነገር ከቀረበልሽ ያ በኬሚካል የሚሠራው ሌላ ሕክምና ነው። ስሙ የሚመሳሰለው ደርማብሬዥን ደግሞ ሐኪም አደንዝዞ በጥልቀት የሚሠራው፣ ለመዳንም ሳምንታት የሚፈልግ ነው። ስለዚህ ስሙን ሰምተሽ ብቻ አትቀመጪ፤ ማሽኑን አሳዩኝ በያቸው።

አሠራሩን ብታውቂው ሲያበላሹብሽ ወዲያው ትለያለሽና እሱን ዘርዘር እናድርግልሽ። መጀመሪያ ፊትሽ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ቅባቱ ሁሉ ወጥቶ፣ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ወይም ቅባት ያለው ቆዳ ላይ ጫፉ ይያዛል፣ ይጎትታል። ፀጉርሽ ወደ ኋላ ይታሰራል፤ ዓይንሽ ይሸፈናል። ከዚያ መሳቡ ዝቅ ተደርጎ መንጋጋሽ ሥር ወይም ክንድሽ ውስጠኛው ክፍል ላይ ይሞከራል። ሥራው ሲጀመር የባለሙያዋ አንድ እጅ ባዶ አይሆንም፤ በሁለት ጣት ቆዳሽን ወጠር አድርጋ ትይዛለች፣ በሌላው እጇ እጀታውን ቀጥ ባለ መስመር ሳታቆም ትስባለች። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይቺ መወጠር ናት። ያልተወጠረ ቆዳ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይቆነጠጣል፤ እዚያው ላይ እጇ ለአፍታ ካረፈ በማግስቱ ሐምራዊ ጭረት ሆኖ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ያንኑ ቦታ ከጎን ወደ ጎን ትሄድበታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ዙር በቂ ነው። አንገትና ከዓይን በታች ያለው አጥንት አካባቢ መሳቡ ይቀንሳል፤ የዓይን ቆብና ከንፈር ጭራሽ አይነኩም። መታጠቡና መጨረሻ ላይ የሚቀባው ማለስለሻ ተጨምሮ ሁሉም ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያልቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊትሽ ላይ ማሽኑን የሚያመላልስ ሰው ልባሱን ጨርሶ ወደ ሕያው ቆዳ ገብቷል።

ንጽሕናውን በዓይንሽ ሳታይ አትቀመጪ። ጥቃቅን ደም ሊወጣ ስለሚችል ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄፓታይተስ ቢም ኤች አይ ቪም ሊተላለፍ የሚችልበት መንገድ አለ። የአልማዙ ጫፍ ታጥቦ በእንፋሎት ግፊት መቀቀያ፣ አውቶክሌቭ በሚሉት፣ በ121 ዲግሪ መቀቀል አለበት፤ በአልኮል እርሶ መጥረግ አይበቃም። ከጫፉ ኋላ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ናት። ዱቄት ከሆነ ደግሞ አንዴ የተረጨ ዱቄት ሁለተኛ አይረጭም። «ጫፉን ከታሸገበት አውጥታችሁ እያየሁ ግጠሙት» ማለት ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየምሽም።

ከተሠራልሽ በኋላ ፊትሽ ቀላ፣ ሞቅ፣ ውጥር ይልብሻል፤ ቀኑን ሙሉ ንፋስ የመታው ፊት ይመስላል። ይህ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ውስጥ ይጠፋል። እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ወይም ጭረቶች ከታዩ መሳቡ በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃሉ። ውሃ ከቋጠረ፣ ካዠ፣ መግል ከያዘ ወይም ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ከባሰ ግን ሐኪም ዘንድ ነው። እንደኛ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ቆዳችን ሲጎዳ በጥቁረት ይመልሳል። ብጉርሽ ጥቁር ምልክት ትቶ የሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ ከልኩ ካለፈ ጥቁረቱ የሚመጣው በማግስቱ አይደለም፤ ቀይነቱ ጠፍቶ «ደህና ሆንኩ» ባልሽበት ጊዜ፣ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ለመልቀቅ ደግሞ ወራት ይፈልጋል።

«ሰርግሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ነይ» ያሉሽን የማንቀበለው ለዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን ልትፈረፈሪ ትችያለሽ፤ ሜካፑ በተፈረፈረው ላይ ተይዞ ነጠብጣብ ይሠራል። ጭረት ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ሳይለቅ ሙሽራ ትሆኛለሽ። የመጨረሻው ጊዜ ከሰርጉ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መሆን አለበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራለት ሰው ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም ይርቃል።

አሁን ጥቁረቱ። እውነቱን እንንገርሽ፤ ይህ ሕክምና ጥሩ የሚሠራው የደበዘዘ፣ የሻከረ፣ ብርሃን የማይመልስ ፊት ላይ ነው። ለስላሳ ያደርጋል፣ ሜካፕ እንዲተኛ ያግዛል፣ አፍንጫ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች ይቀንሳል። የብጉር ጥቁረት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ እሱም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እያራራቁ ደጋግመው ሲሠሩት ነው፤ ቀለሙ ያለው ማሽኑ ከሚደርስበት በታች ነውና። እንደ ጉድጓድ ገባ ያለ ጠባሳን አይሞላም። ማዲያት ላይ ግን አንመክርሽም። የማዲያት ቀለም ጠልቆ ይገባል፤ የሚቀሰቅሱት ፀሐይ፣ ሆርሞንና ሙቀት ናቸው፤ መፈግፈግ ሊያባብሰው እንጂ ሊያጠፋው አይችልም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወይም መርፌ ትወስጂ እንደሆነ አልጻፍሽልንም፤ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ከማዲያቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

አሁን ወደ ክሬሙ። ስም በሌለው ዕቃ ተቀላቅለው የሚሸጡ ፊት የሚያፈኩ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዱም ቆዳ የሚያፈካው ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ይጨመርበታል። ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተአምር ይመስላል፤ ብጉሩ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ይለሰልሳል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ይታያሉ፤ ጉንጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል፤ እኩል መጠን ያላቸው ጥቃቅን ቡግንጆች ይወጣሉ። ሲቋረጥ ደግሞ ይለበልባል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። አንቺ የጻፍሽልን መለብለብ ይህንኑ ይመስላል። ፊትሽን ሳናይ በእርግጠኝነት አንልም፤ ነገር ግን እስኪረጋገጥ ድረስ ስቴሮይድ ነው ብለሽ ያዢው። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ ላይ ማሽኑ ሲያልፍ ልባሱን ብቻ አይወስድም፤ ይጭራል፣ ያደማል፣ ይጠቁራል።

አቋርጬው ልሂድ ወይስ እየቀባሁ ላልሽው፣ ሁለቱም አይሆንም። በገዛ እጅሽ በአንድ ቀን ካቆምሽው ፊትሽ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊነድብሽ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሰርግሽ ላይ ሊወድቅ ነው። እየቀባሽ ከሄድሽ ማሽኑ ያቆስልሻል። የሚበጅሽ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ለአንቺ ቅርብ ነው። ሐኪሙ ክሬሙን ቀስ በቀስ እንዴት እንደምታወርጂው፣ በምትኩ ምን እንደምትቀቢ ይነግርሻል። ስቴሮይድ መሆኑ ከተረጋገጠ ለዚህ ሰርግ ማሽኑን ተዪው። እንደምታዝኚ እናውቃለን፤ ግን እስከ ጥር ያረፈና እርጥበት ያለው ቆዳ ላይ የተሠራ ሜካፕ፣ ተፈግፍጎ ከተቆጣ ቆዳ ይልቅ ያምራል።

ሐኪሙ አይቶ «ቆዳሽ ደህና ነው፣ ማሠራት ትችያለሽ» ካለሽ ደግሞ ማዲያቱ ያለበትን ቦታ ትተው ሌላውን እንዲሠሩልሽ በዚህ መልክ አድርጊው። የመጀመሪያውን ታኅሣሥ 10 አካባቢ፣ በዝቅተኛ መሳብ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኩል ጠብቂ፤ ጥቁረት ካልመጣ ሁለተኛውን ታኅሣሥ 28 ገደማ። የመጨረሻውን ጥር 13፣ ከዚያ አይለፍ። ከመጀመሪያው በኋላ አዲስ ጥቁረት ካየሽ የቀሩትን ሁለቱን ሰርዢ። ከእያንዳንዱ በፊት ባለው ሳምንት ቅንድብሽንም ሆነ የላይ ከንፈርሽን በክር ወይም በሰም አታስነቅዪ። ትሬቲኖይን የሚባለው የብጉር መድኃኒት ወይም አሲድ ያለበት ክሬም የምትቀቢ ከሆነ ቢያንስ አምስት ቀን ቀድመሽ አቁሚ። መግል የያዘ ብጉር ካለሽ ቀኑን አዛውሪው፤ ማሽኑ ተሐዋስያኑን ፊትሽ ላይ ሁሉ ያዳርሰዋል።

ምች የሚወጣብሽ ሰው ከሆንሽ በተለይ ስሚን። ከንፈር ጠርዝ ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች ሄርፒስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በተፈገፈገ ቆዳ ላይ ፊት ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ወጥቶብሽ ሳለ አትሠሪ። በዓመት ደጋግሞ የሚመላለስብሽ ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ቫይረሱን የሚገታ አሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል። ከተሠራልሽ በኋላም ምች መታኝ ብለሽ ዳማከሴ ፊትሽ ላይ እንዳታሺ፤ የተከፈተ ቆዳ ነው፣ ያቆጣዋል። ደብዳቤውን ለሚያነቡ ሌሎችም እንጨምር፦ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚዋጥ መድኃኒት የወሰደ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ቁስሉ ኬሎይድ የሚባል ወፍራም ጠባሳ ሆኖ የሚያብጥበት፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሠራ።

ከተሠራ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን የሚፈታተኑሽ ነገሮች አሉ። አንደኛዋ ፀሐይ ናት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ብርዱ ጋቢ አስለብሶሽ፣ «ዛሬማ ፀሐይ የለም» ስትዪ ጨረሩ ደመናውን አልፎ ፊትሽ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሙቀቱ ስለሚያስጠነቅቀው ጥላ ይፈልጋል፤ ደሴ ላይ ግን የሚያስጠነቅቅ ሙቀት ስለሌለ ይዘናጋል። ስለዚህ የመከላከያ መጠኑ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ከፀሐይ የሚከላከል ክሬም፣ ያስፈልግሻል። መጠኑ ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ነው፤ ሌባ ጣትሽና የመሐል ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ መስመር አውጥተሽ። ብዙ ሰው የዚህን ሩብ ቀብቶ «አልሠራልኝም» ይላል። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ማዲያት ስላለብሽ የቆዳ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን ብታገኚ ይመረጣል፤ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላልና። ጃንጥላ ያዢበት። ነጠላ ብቻውን ስስ ነው፤ ያሳልፋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ለሰርግ የሚሞቀው የወይባ ጢስ እንዲቀር አንልሽም፤ ግን ማሽኑ ከተሠራ በኋላ ሦስት ቀን ይለፈው፣ ስትሞቂም ፊትሽ ከልብሱ ውጭ ይሁን፣ ጢሱ አይምታው። ለማዲያቱ ሲባል ምጣድ ፊትም በነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ይቀመጥልሽ። ለራስሽ ቅቤ የምትቀቢ ከሆነም ቀልጦ ግንባርሽ ላይ ይወርዳልና ከሦስት ቀን በኋላ አድርጊው፤ ሻሽሽን ከግንባር ከፍ አድርገሽ እሰሪ። ሎሚ ፊትሽ ላይ በምንም መልኩ አታሺ፤ ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አቃጥሎ ያጠቁራል። እሬትም እንዲሁ ከቅጠሉ ተቆርጦ ሲቀባ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያሳክካል።

የቀረው አጭር ነው። የመጀመሪያውን ማታ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ በንጹሕ ጨርቅ እንደ ማባበል እየነካሽ አድርቂ፤ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቀቢ። ታኅሣሥና ጥር ደሴ ላይ ውርጩ ቆዳ ያደርቃል፤ የምትፈረፈረው ቦታ ላይ ስስ ቫዝሊን ማታ ማታ ማድረግ ትችያለሽ፣ ብጉር በሚወጣብሽ ቦታ ግን አታድርጊ። አንድ ቀን ሙሉ ሜካፕ አይነካሽ። የምትፈረፈረውን በጥፍርሽ አትላጪ። ቀይነቱ ከቆየ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ አሥር ደቂቃ አኑሪበት።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ያቺን የክሬም ዕቃ ባዶ ብትሆን እንኳ ይዘሻት ሂጂ። በቀን ስንቴ፣ ምን ያህል እንደምትቀቢ፣ የት ቦታ እንደጀመርሽው፣ መለብለቡ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚነሳ በወረቀት ጻፊው። ያን ዕለት ሜካፕ ሳትቀቢ ግቢ፤ ከስድስት ወር በፊት የተነሳሽው ፎቶ ስልክሽ ላይ ካለም ለሐኪሙ አሳዪው።